ሕመም ከሥራ ሲያስቀር፦ አሜሪካ ውስጥ ለዲሴቢሊቲ እንዴት ያመለክታሉ?

ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል እኛ ሰዎች መልሳችን የታወቀ ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «አልሐምዱሊላህ።» ወገባችን ሊቆረጥ ደርሶም ቢሆን እንደዚያው ነው። ሐኪሙ የሰማውን ይጽፋል፦ ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል። ከወራት በኋላ ያቺ መስመር የዲሴቢሊቲ (በሕመም መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ) ማመልከቻዎን በሚመረምረው ሰው ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ቅጹን ከመንካትዎ በፊት ምስጋናውን ለፈጣሪ፣ ሕመሙን ደግሞ ለሐኪሙ መንገር ይልመዱ።

በየትኛው በር እንደሚገቡ ይለዩ

ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው። ኤስኤስዲአይ (SSDI) ሠርተው ታክስ ለከፈሉ ነው። ኤስኤስአይ (SSI) ገቢና ጥሪታቸው ጥቂት ለሆነ ነው፤ ለአንድ ሰው የጥሪት ጣሪያው 2,000 ዶላር ሲሆን የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። በሁለቱም ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ፣ አለዚያም ለሞት የሚያደርስ መሆን አለበት። ትንሽ ትንሽ እየሠሩ ከሆነም የወር ገቢዎ በየዓመቱ ከሚወሰነው ጣሪያ (በፈረንጆቹ 2025 1,620 ዶላር ነበር) ከበለጠ ማመልከቻው ብዙም አይራመድም።

ለኤስኤስዲአይ ብዙውን ጊዜ 40 የሥራ ክሬዲት (ታክስ ከተከፈለበት ገቢ የሚገኝ ነጥብ) ያስፈልጋል፤ 20ው ከመታመምዎ በፊት ባሉት 10 ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት። ለወጣቶች ያነሰ ይበቃል። በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው። ታክሲና ኡበር የምትነዱ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ታክስ ሲሠራ ወጪ ተቆልሎ የተጣራ ገቢው ወደ ምንም ከወረደ ክሬዲቱም አብሮ ይወርዳል። ለመንግሥት ያልተነገረ የካሽ ሥራም እንዳልተሠራ ነው። ሥራ ካቆሙ በኋላ ደግሞ ክሬዲቱ ለዘላለም አይጠብቅዎትም፤ ለአብዛኛው ሰው 5 ዓመት ገደማ ነው። «እስቲ ትንሽ ልየው» እያሉ ጊዜውን አያሳልፉት።

ለኤስኤስአይ የመኖሪያ ወረቀትዎም ይታያል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በአብዛኛው 40 ክሬዲት ይጠየቃል፤ የትዳር ጓደኛው ሥራም ሊደመርለት ይችላል።

ያመልክቱ

ክፍያውን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ፣ ቢሮ ሄደው ወይም በ1-800-772-1213 ደውለው ማመልከት ይችላሉ። ስልኩን ሰው ሲያነሳ «አማሪክ» ይበሉና ይጠብቁ፤ አስተርጓሚ በነጻ ይመደብልዎታል። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። የትኛው እናት ናት በልጇ አፍ «ብቻዬን መታጠብ አልችልም» የምትለው?

ከመደወልዎ በፊት የታከሙባቸውን ክሊኒኮች ሁሉ ስምና ቀን፣ የመድኃኒቶቹን ስምና ያለፉትን 5 ዓመታት ሥራዎች ይጻፉ። የሕክምና ማስረጃውን እርስዎ ፈርመው ሲፈቅዱ እነሱ ራሳቸው ይጠይቃሉ። የረሱትን ክሊኒክ ግን ማንም አይጠይቅልዎትም።

የዕለት ውሎ መጠይቁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ውሎዎን የሚጠይቅ ረጅም ቅጽ ይላክልዎታል። «ምግብ ያበስላሉ?» ይላል። «አዎ» ብለው ካለፉ አንባቢው ጤነኛ ሰው ነው የሚታየው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ «ሽንኩርቱን ልጄ ትከትፋለች። 10 ደቂቃ ቆሜ አማስላለሁ፣ ከዚያ እግሬ ስለሚደነዝዝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ድስቱን ከምድጃ የሚያወርደው ባለቤቴ ነው። እንጀራ መጋገር ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል።» እንዲህ ይጻፍ። ስንት ደቂቃ ይቆማሉ? ስንት ኪሎ ያነሳሉ? ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ? ጥሩ ቀንና መጥፎ ቀን ካለዎት መጥፎው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ይጻፉ። ማጋነን ግን አያስፈልግም፤ ከሐኪሙ ማስታወሻ ጋር ካልገጠመ ዋጋ ያስከፍላል።

ውሳኔውን የሚያዘጋጀው የክፍለ ግዛትዎ መሥሪያ ቤት ነው። ማስረጃው ካነሰው በራሱ ወጪ ሐኪም ዘንድ ይልክዎታል። ከዚያ ቀጠሮ አይቅሩ።

ደብዳቤው ሲመጣ

ከተፈቀደልዎ የኤስኤስዲአይ የመጀመሪያዎቹ 5 ወራት አይከፈሉም፤ ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ደግሞ ክፍያ ማግኘት ከጀመሩ ከ24 ወር በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ መከልከል የተለመደ ነው። ሲከለከሉ ከአዲስ አይጀምሩ፣ ይግባኝ ይበሉ። ቅድሚያ ጉዳዩ እንደገና ይታያል፤ ያም ካልሆነ ዳኛ ፊት ቀርበው ያስረዳሉ፤ እዚያም አስተርጓሚው ነጻ ነው። ጠበቃ ከያዙ የሚከፈለው ካሸነፉ ብቻ ነው፦ ካልተከፈለዎት ውዝፍ 25 በመቶ፣ በተለመደው ውል ከተወሰነው ጣሪያ ሳይበልጥ (በፈረንጆቹ 2025 9,200 ዶላር ነበር)። ቀድሜ ካሽ ካልተቀበልኩ የሚል «ጉዳይ አስፈጻሚ» ካጋጠመዎት ይሽሹት።

የይግባኙ ጊዜ ደብዳቤው ከደረሰዎት 60 ቀን ነው፤ ከተጻፈበት ቀን በ5 ቀን ውስጥ እንደደረሰዎት ይቆጥራሉ። እንግሊዝኛው ከበደኝ ብለው ፖስታውን ማቀዝቀዣው ላይ አያስቀምጡት። በዚያው ቀን የሚያነብልዎት ሰው ይፈልጉ፣ ቀኑንም ካላንደር ላይ ያክብቡ።