ዳሩ ያረረ፣ መሃሉ አረንጓዴ፦ የካናቢስ ቬፖራይዘር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደረቅ ካናቢስን ሳያቃጥል የሚያሞቅ ቬፖራይዘር ሲያስቸግር፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የሙቀት ቁልፉን ነው። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ አልሆን ሲለው መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን መሣሪያው ቅጠሉን በምን መንገድ እንደሚያሞቅ ነው። አንዱን ዓይነት የሚያስተካክለው ነገር ሌላውን ያበላሸዋል።

ይህን የምጽፈው ካናቢስ ለአዋቂዎች በተፈቀደበት ቦታ ለምትኖሩ ነው፤ ካናዳ፣ ጀርመን፣ ሜሪላንድና የመሳሰሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ወንጀል ነው። አሜሪካ ሆናችሁ ዜግነት ያልወሰዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ብትፈቅድም በፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ የፈቀደው ካናቢስ እንኳ የዜግነት ማመልከቻን ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ይህን ሳያውቁ ማመልከቻ የሚያስገቡ ሰዎች ስላሉ ነው አስቀድሜ ያነሳሁት።

የእናንተ የትኛው ነው?

ኮንዳክሽን የሚባለው ቅጠሉ የጋለ ግድግዳ ነክቶ የሚሞቅበት ነው። ፓክስ የተባለው መሣሪያ የዚህ ዓይነት ነው። በኮንቬክሽን ደግሞ የሚግለው አየሩ ነው፤ የጋለው አየር በቅጠሉ መሃል ያልፋል። በ2000 ገበያ ላይ የወጣው ቮልካኖ የተባለው የጀርመን መሣሪያ በዋናነት የሚሠራው እንዲህ ነው። ማይቲን የመሳሰሉት መሣሪያዎች ሁለቱን ይቀላቅላሉ።

ካላወቃችሁ በቀላሉ መለየት ይቻላል። ሙሉና አሙቁት። ሳትስቡ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉትና አጥፍታችሁ ክፈቱት። ግድግዳውን የነካው ቅጠል ቡናማ ከሆነ ሥራውን የሚሠራው ግድግዳው ነው። ቀለሙ ብዙም ካልተለወጠ፣ ሙቀቱ የሚመጣው ስትስቡ ከሚገባው አየር ነው።

ዳሩ አርሯል፣ መሃሉ አረንጓዴ ነው

ይህ የኮንዳክሽን የታወቀ ችግር ነው። ቡና በምጣድ ሲቆላ አይታችኋል። ብረቱን የነካው ፍሬ ቀድሞ ይጠቁራል፤ የምትቆላው ሴት እጇ የማያርፈውም ለዚህ ነው። እዚህም መፍትሄው ማማሰል ነው። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ክፈቱና መሃል ያለውን ወደ ዳር፣ ዳር ያለውን ወደ መሃል አምጡት። ከዚያ በፊት ግን ቅጠሉን ደቀቅ አድርጋችሁ ፍጩት፣ ቅጠሉ የሚገባበትን ጎድጓዳ ሙሉት፣ በጣት ቀለል አድርጋችሁ ጫን በሉት። ግድግዳውን በደንብ ካልነካ አይሞቅም። ግማሽ ብቻ ሞልቶ መጠቀም የፈለገ ሰው ቦታውን የሚያጠብ ክዳን ከመሣሪያው ጋር መጥቶለት እንደሆነ ይፈልግ።

በኮንቬክሽን ግን ያልተስተካከለ መሞቅ መልኩ ሌላ ነው። ስትከፍቱት አንድ ቦታ ላይ የጠቆረ መስመር ወይም ክብ ታያላችሁ፤ ዙሪያው ያው አረንጓዴ ነው። አየሩ ክፍት ቦታ አግኝቶ በዚያ በኩል ብቻ እያለፈ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ደቀቅ አድርጎ መፍጨትና መጠቅጠቅ ነገሩን ያባብሰዋል። መካከለኛ አድርጋችሁ ፍጩ፣ ሳትጫኑ ሙሉ፣ ከላይ እኩል አድርጉት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከአንድ መሣሪያ የለመደውን አሞላል ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል።

እንፋሎቱ ሳሳ

መጀመሪያ ቅጠሉን እዩት። አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኖ የሚፈረፈር ከሆነ አልቋል፣ ከእሱ የሚወጣ የለም።

አላለቀም? እንግዲያው አሳሳባችሁን ፈትሹ። በኮንቬክሽን በኃይል ከሳባችሁ፣ ቀዝቃዛው አየር ሳይግል ያልፋል። በቀስታ፣ ወደ አሥር ሴኮንድ ያህል ሳቡ። በኮንዳክሽን ችግሩ ብዙውን ጊዜ መቸኮል ነው። መብራቱ ደርሷል ቢልም ግድግዳው ነው የጋለው፤ መሃሉ ገና ነው። ግማሽ ደቂቃ ጨምሩለት።

ሙቀቱን በተመለከተ ከ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሩና ቀስ በቀስ እስከ 200 ድረስ ከፍ አድርጉ። በዝቅተኛው ሙቀት እንፋሎቱ በዓይን ብዙም አይታይም፤ የለም ማለት ግን አይደለም። እርጥብ ቅጠልም መጀመሪያ የሚሰጠው ውሃውን ነው።

የተቃጠለ ጣዕም

ቅጠሉ ጠቁሮ አመድ ካለበት እንፋሎት ሳይሆን ጭስ ነው የሳባችሁት። ቅጠል ከ230 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መቃጠል ይጀምራል። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ የዚህ መሣሪያ ዋና ጥቅሙ ጭስን ማስቀረቱ ነው። በ2007 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ጥናት፣ በቮልካኖ የሳቡት ሰዎች ትንፋሽ ላይ የተገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ካጨሱት እጅግ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል።

አመድ ሳይኖር ጣዕሙ ብቻ ያረረ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኮንዳክሽን ባትስቡም ማሞቁን አያቆምም። ስልክ አንስታችሁ ስታወሩ ቅጠሉ እዚያው እየበሰለ ነው። በአንድ ጊዜ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ አድርጉ፤ ቆም ማለት ካስፈለጋችሁ አጥፉት። ዳይናቫፕ የተባለው መሣሪያ በላይተር የሚሞቅ ነው፤ ክዳኑ ጠቅ ሲል እሳቱን ወዲያው አንሱ። ከጠቅታው በኋላ የሚጨመር እሳት ቅጠሉን ያሳርረዋል። ኮንቬክሽን ላይ ደግሞ የአሮጌ ቅጠል ፍርፋሪ ማሞቂያው ላይ ወድቆ እንደሆነ እዩ።

መሳብ አቃተኝ

ከቅጠሉ ጋር ያለችው ትንሿ ወንፊት ተደፍናለች። አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ብታነሱ ቀዳዳዎቹ በሚያጣብቅ ቡናማ ሙጫ ተሞልተው ታያላችሁ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቁ፣ በደንብ አድርቁ። የሚዘፈዘፈው ብረትና መስታወት ብቻ ነው። ባትሪ ያለበትን አካል በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ ይበቃል። አልኮሉ ሳይተን አታብሩት፤ ይቀጣጠላል።

ወንፊቷ ንጹሕ ሆና አሁንም ካቃተ፣ በጣም አድቅቃችሁ ፈጭታችኋል ወይም ጠቅጥቃችኋል። ዱቄት አፍ ውስጥ የሚገባውም በዚሁ ነው።

ጽዳትን ካነሳን አይቀር፣ የተጠቀማችሁበትን ቬፖራይዘር ይዛችሁ ድንበር አትሻገሩ። በዱባይ አድርጋችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ። ወንፊት ላይ የቀረ ሙጫም ካናቢስ ነው።

ጉሮሮ ይከረክራል

ሙቀቱን አሥር ዲግሪ ቀንሱ። ቅጠሉ ከልክ በላይ ደርቆ እንደሆነም እዩ፤ 62 በመቶ እርጥበት የሚጠብቁት ትንንሽ ከረጢቶች ቅጠሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ ቢገቡ ይረዳሉ። ሳሉ ከቀጠለ ወይም ደረት ካመመ ግን የመሣሪያ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል

ኮንቬክሽን አየሩን በቅጽበት ማጋል ስላለበት ኤሌክትሪክ ይበላል። ብርድም ባትሪን ያደክማል፤ ቶሮንቶ በጃንዋሪ ውጭ ቆሞ መጠቀም ብዙ አያስኬድም። ተነቃይ ባትሪ ከሆነ የላይ ሽፋኑን ፈትሹ። ከተቀደደ ወይም ባትሪው ካበጠ አትጠቀሙበት፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት። ባትሪ ወደሚሰበስብ ቦታ ውሰዱት።

ከጠበቅኩት በላይ ያዘኝ

ይህ የሚገጥመው በብዛት ካናቢስን ከማጨስ ወደ ቬፖራይዘር የተሻገረውን ሰው ነው። ጭስ ስለሌለ ያልሳበ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይደግማል። ጆንስ ሆፕኪንስ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ አልፎ አልፎ የሚጠቀሙ ሰዎች ያንኑ መጠን በቬፖራይዘር ሲወስዱ ካጨሱበት ጊዜ ይልቅ በርትቶባቸዋል። ስለዚህ አንድ ሁለት ጊዜ ሳቡና አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከያዛችሁ ውሃ ጠጡ፣ ጸጥ ያለ ቦታ አረፍ በሉ፣ የመኪና ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡ።