ለገና ስጦታ ዳቦ ቆሎ

ለገና ለወዳጅ የሚሰጥ ነገር እያሰባችሁ ከሆነ ዳቦ ቆሎ ሥሩ። በቅቤ ሳይሆን በዘይት ይሁን፤ ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ብትሰጡት ጿሚም ሳይሳቀቅ ይበላዋል።

ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ትንሽ ጨውና ስኳር፣ ከወደዳችሁ በርበሬ። ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። በቀጭኑ አድቦልቡሉት፣ ሽንብራ አሳክላችሁ ቁረጡት፣ ከዚያ በምጣድ በመለስተኛ እሳት እያማሰላችሁ ቁሉት።

አደራ፣ በደንብ ሳይበርድ ክዳን እንዳትገጥሙበት! እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። ካልተንኮሻኮሸ ደግሞ ምኑን ዳቦ ቆሎ ሆነው?

ያለቀ የማር ብልቃጥ አጥባችሁ በደንብ አድርቁና ሙሉት። ሪባን መግዛት አያስፈልግም። አንገቱን በቃጫ እሰሩና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ሰኩበት። ሽታው ደስ ይላል፤ የተቀበለው ሰውም ለበዓሉ ጥብስ ይጨምረዋል።