ቅሬ እያለ፦ ሰፈር ስንጠብቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሰፈራችን ሦስት የውሃ ቆጣሪ ተነቀለ። ደሴ ላይ ነሐሴ ማለት ጉም ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ቁልቁል ሲለቀው አምስት እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው አይታይም። ሌባ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? በአራተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። የማህበረሰብ ፖሊሱ መጣ፣ የቀበሌ ሰው መጣ፣ እኛም ጋቢያችንን ደርበን ተገኘን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወራ። መጨረሻ ላይ ግማሹ ሰው ሌላውን ግማሽ እየጠረጠረ ተበተነ። ቆጣሪው አልተገኘም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ጥበቃ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። (እስክሪብቶ ይዞ የተገኘ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።) ብዙ ስህተት አይቻለሁ፤ አንዳንዱን ራሴ ሠርቼዋለሁ። ኮምቦልቻም ሁኑ ወልድያ የናንተም ሰፈር ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ቅሬ እያለ አዲስ ኮሚቴ መፍጠር

ትልቁ ስህተት ይኼ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ መቅበር ብቻ አይደለም ሥራው። የተጣላ ያስታርቃል፣ የቸገረው ይረዳል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ አብሮ ይቀብራል፣ አብሮ ያለቅሳል። የቅሬ ዳኛው «ዛሬ ማታ ሁላችሁም የበር መብራት አብሩ» ካሉ መብራቱ ይበራል። ለምን ቢባል፣ ነገ እናቱ ስትሞት ድንኳኑን የሚተክልለት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እኛ ግን ምን አደረግን? ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትተን «የብሎክ ሰላምና ጸጥታ ኮሚቴ» አቋቋምን። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። ማህተም ተቀረጸ። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አስራ አንድ ሰው መጣ። ሦስተኛው ላይ እኔና ገንዘብ ያዡ ብቻ ተገናኘን፤ ገንዘብ ስላልነበረ እሱም ቶሎ ሄደ።

የዳነው የቅሬ ዳኛችንን ስንለምናቸው ነው። እሳቸው ስብሰባ አልጠሩም። የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሁድ፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሳይሄድ፣ አስር ደቂቃ ብቻ ጠየቁ። የማህበረሰብ ፖሊሱም በዚያች አስር ደቂቃ ተዋወቀ። የሌሊት ተራ የወጣው እዚያው ነው።

ግን ቅሬም ቀዳዳ አለው። ተከራይ አባል አይደለም። ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ይዞ የሚኖረው ተማሪ፣ ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ፣ ቅሬው ላይ ስሙ የለም። ስሙ ስለሌለም እቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ልብ በሉ፣ ሌሊት ሁለተኛ ፈረቃ ሠርቶ ሲመለስ መንገዱን የሚያየው ግን እሱ ነው። እኛ ሁላችን ተኝተናል። ተከራዮቹን በተራው ዝርዝር ስናስገባቸው ጥርጣሬውም ቀነሰ፣ እንቅልፍ የሚያጣው ሰውም በዛ።

ሌላው ቀዳዳ ሴቶች ናቸው። የቅሬው ስብሰባ ላይ በብዛት የሚናገረው ወንዱ ነው። ሰፈሩን ቀን ሙሉ የሚያየው ግን ቡና የሚያፈላው ነው። የማን በር ስንት ሰዓት ተንኳኳ፣ የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ አቆመ፣ ይህ ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ተወርቶ ያልቃል። ፖሊሱ አዳራሽ ከሚጠራ አንድ ቀን ቡና ቢጠጣ ይሻለዋል።

ስብሰባን አፈርሳታ ማድረግ

ድሮ አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባል ነበር። እቃ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው ካልታወቀ ወደ ቤት መሄድ የለም። የቀረ ይቀጣል። እህሉ እየረገፈ፣ ከብቱ እየጮኸ ሰው ሜዳ ላይ ይውላል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይጠቆማል። ትክክለኛው ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰው ደክሞታላ!

የኛም የመጀመሪያ ስብሰባ እሱ ነበር። «የምትጠረጥሩትን በግልጽ ተናገሩ» ተባለ። አንዱ ተነስቶ የጎረቤቱን ልጅ ስም ጠራ። አባትየው እዚያው ተቀምጠው ነበር። በኋላ እንደታወቀው ሁለቱ ቤቶች በድንበር አጥር ከተጣሉ ቆይተዋል። ልጁ ምንም አላደረገም። አባትየው ግን እስከ ዛሬ ስብሰባ አይመጡም። ስህተቱ የኔም ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የልጁን ስም ጽፌዋለሁ። አሁን በስብሰባ ላይ የሰው ስም አልጽፍም። ስለ ቦታና ስለ ሰዓት ብቻ ነው የምንነጋገረው፦ የትኛው መታጠፊያ ጨለማ ነው፣ የትኛው ሰዓት ላይ ነው የሚሰረቀው። ስም ያለው ሰው ጣቢያ ሄዶ ለብቻው ይናገራል።

የጠቆመን ሰው ማጋለጥ

ይህ ወደ ፖሊስ ወገን ነው። ማታ ማታ በር ላይ እንጀራ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። አንዱ ከባድ ማዳበሪያ ተሸክሞ ሲያልፍ አይታለች። ድፍረት አድርጋ ሄዳ ተናገረች። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ፖሊሶች በሯ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ያ ትናንት የነገሩንን ልጅ ቤቱን ያሳዩን እስቲ።»

መንገዱ ላይ ውሃ የሚቀዳው ሁሉ ቆመ። እሷ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች አየቻቸው።

«እኔ? እኔ ምን ነገርኳችሁ? የማውቀው ነገር የለም!» ብላ በሯን ዘጋች።

እንጀራ መሸጧንም ለሁለት ሳምንት አቆመች። ከዚያ በኋላ ከዚያ መንገድ ለፖሊስ ቃል የሰጠ ሰው አላውቅም። ከባድ ወንጀል ላይ ምስክርና ጠቋሚ እንዲጠበቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። ለቆጣሪ ሌባ ግን አዋጅ አያስፈልግም። ሲቪል ለብሶ መምጣት፣ ወይም ስልክ መደወል፣ ወይም የቅሬ ዳኛውን ቤት መገናኛ ማድረግ ይበቃል።

ጠቋሚውም የሚሳሳተው አለ። «እከሌ ሌባ ነው» ማለት ጥቆማ አይደለም። ያየኸውን ተናገር፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ ወዴት ሄደ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ የባጃጁ ታርጋ ስንት ነው። ጣቢያ ቃል ስትሰጥ ደግሞ የተጻፈው እስኪነበብልህ ሳትፈርም ቆይ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የሰጠኸው አቤቱታ ተጽፎ እንዲነበብልህና ከዚያ እንድትፈርም ነው የሚለው። ቸኩሎ የፈረመ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ «እንዲህ አላልኩም» ይላል፤ ክሱም እዚያው ይላላል።

የቴሌግራም ግሩፕን ፖሊስ ጣቢያ ማድረግ

«ነጭ ሚኒባስ ሕፃናት እየሰበሰበ ነው» የሚል መልእክት አንድ ከሰዓት ሰፈሩን አናወጠው። ልጆች ቤት ተቆለፈባቸው። ጎረምሶች ሚኒባሱን አስቁመው ከበቡት። ውስጡ የነበሩት ከሐይቅ ለለቅሶ የመጡ ዘመዶች ነበሩ፤ የሚፈልጉት የኛን የቅሬ ድንኳን ነው። ሐዘንተኛን በድንጋይ ልንቀበል ምን ያህል ቀርቶን ነበር!

የተጠርጣሪን ፎቶ መለጠፍም እንደዚሁ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ጥፋተኛ ተብሎ አይቆጠርም። ገና ያልተያዘ ልጅ ፎቶ ከተሰራጨ በኋላ ማን ይሰበስበዋል?

የተያዘውን ራስ መቅጣት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የባጃጅ ስፖኪዮ ሲነቅል አንድ ልጅ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ዕድሜው ከአስራ ስድስት አይበልጥም። «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ተሰበሰበ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የተሰረቀብኝ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚያ የልጁ ክንድ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ።

መጨረሻው ምን ሆነ? ባለ ባጃጁ ከሳሽ ሆኖ ጣቢያ ሄደ፣ ተጠርጣሪ ሆኖ ቃል ሰጠ። ስፖኪዮ መስረቅ ወንጀል ነው፤ ክንድ መስበር ደግሞ የባሰ ወንጀል ነው። ሌባ እጅ ከፍንጅ ሲገኝ ማንም ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ፖሊስም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። «ይዘን ብንሰጥ ነገ ይለቁታል» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ግን ምስክር ሆኖ የሚቀርብ ሰው ስለሚጠፋ ነው። ሃምሳ ሰው ሲመታ የነበረ፣ ለቃል ሲጠራ አንድም አይገኝም።

ሁሉን ነገር በሽማግሌ መጨረስ

ይህን ስል ሽምግልናን ማናናቅ እንዳይመስልብኝ። ወሎ አበጋር የሚባል የእርቅ ሽማግሌ ያለው አገር ነው። በደም የሚፈላለጉ ሁለት ወገኖችን ቁጭ አድርጎ፣ ዱአ አስደርጎ፣ ቂሙን የሚያደርቅ ሽማግሌ ፖሊስ ሊተካው አይችልም። ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሟች ወንድም እንዳይበቀል የሚያደርገው ግን እርቁ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ያምራል።

ችግሩ ሽምግልናው ከፍርድ ቤት በፊት ደርሶ መዝገቡን ሲዘጋ ነው። በተለይ ሴትና ሕፃን ላይ። ልጅቷ ተደፈረች፤ «ገመና ነው» ተባለ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በሽማግሌ ተስማሙ፤ አንዳንዴም «ያግባት» ተባለ። መደፈር የግል አቤቱታ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰብ ይቅር አለ አላለ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። ከ18 ዓመት በታች ጋብቻም ሽማግሌ ስለባረከው ሕጋዊ አይሆንም። ደግሞ ጊዜ ያሸንፋል፦ ሽማግሌ ሲመላለስ የሐኪም ማስረጃው ይጠፋል፣ ልብሱ ይታጠባል። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ሽማግሌ መጀመሪያ ልጅቷን ሐኪም ቤት ያድርስ።

ሌባውን ፈልጎ ገዢውን መርሳት

የውሃ ቆጣሪ ለሌባው ራሱ ምን ይሠራለታል? የሚፈልገው ናሱን ነው። ናሱ ደግሞ የሆነ ሰው ሚዛን ላይ ይወጣል። እኛ ለሁለት ወር ሌሊት ስንዞር ለካ ማነጋገር የነበረብን ብረታ ብረት የሚገዙትን ነበር። ቁራሌውን ሰብስበን ምርመራ አላደረግንም፤ ሻይ ጋብዘን «ቆጣሪ የያዘ ሰው ቢመጣ አትግዙ፣ ደውሉልን» አልን። ብዙዎቹ የሚጠረጠሩት ሰልችቷቸው ስለነበር ደስ አላቸው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል እንደሆነም ነገርናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው የጠፋው።

እኔስ? ከሁለት ዓመት በፊት ካርቶን የሌለው ስልክ በርካሽ ገዝቻለሁ። «ከውጭ የመጣ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነበራ።

ሌላ አጀንዳ ማስገባት

አጭር ነው። የሰፈር ጥበቃ ስብሰባ ላይ የፓርቲ፣ የመዋጮ ወይም የምልመላ ወሬ ከገባ ሰው ይበተናል። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ያየነውን ያየ ሕዝብ ነው፤ ለምን እንደተጠራ ያልገባው ስብሰባ ላይ ሁለተኛ አይመጣም። የማህበረሰብ ፖሊሱም ቢሆን በየስድስት ወሩ ከተቀየረ ሰው ምስጢሩን አያወራውም። ጃፓኖች በየሰፈሩ ኮባን የሚሏትን ትንሽ የፖሊስ ቤት ይተክላሉ፤ ፖሊሱ ሰፈርተኛውን እየዞረ ይተዋወቃል። ከጃፓን ፋብሪካ ይልቅ ይህችን ትንሽ ቤት ብንቀዳ ምናለ።

ትንንሹን ነገር መናቅ

ስልካችሁ ላይ *#06# ብትነኩ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣል። ወረቀት ላይ ጻፉትና ቤት አስቀምጡት። ስልክ ጠፍቶበት ጣቢያ ሄዶ «ጥቁር ሳምሰንግ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ጥቁር ሳምሰንግ ደግሞ ከሰው በላይ ነው።

የሌሊት ተራ ሲደርሳችሁ ፊሽካ ያዙ እንጂ ቆንጨራ አትያዙ። በጉም ውስጥ የሚመጣው ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። መሣሪያ ያለውም ፈቃዱን ይያዝ፤ አዋጅ 1177/2012 ስለሱ ብቻ የወጣ ነው።

አምፖልም አለ። መታጠፊያው ላይ ያለችው አምፖል ስትቃጠል ሁሉም «ቀበሌ ይቀይራል» ብሎ ያልፋታል። የኛ ቃለ ጉባኤ መጨረሻ ገጽ ላይ አሁን የአምፖል ተራ የሚል ሠንጠረዥ አለ። የዚህ ወር የኔ ነው። ትናንት ተቃጥላለች፤ ዛሬ ሰኞ ገበያ ስሄድ ልገዛ ነው።