ልጅ አፉን ሲፈታ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ልጁ አፉን ሳይከፍት ማቀበል ነው። ጣቱን ወደ ውሃው ሲቀስር ብድግ ብለን እንሰጠዋለን። እኔም ለወራት እንዲሁ ሳደርግ ነበር። ጣቱ ሥራውን ከጨረሰለት ታዲያ ለምን ይናገር? አሁን ኩባያውን ይዤ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ እላለሁ። "ውሃ? ውሃ ልስጥህ?" ከዚያ ዝም። በልቤ እስከ 5 እቆጥራለሁ። ዓይኑ ከኩባያው ወደ አፌ ይመላለሳል፣ ከንፈሩ ይሾላል፣ "ዋ!" ይላል። ያቺ "ዋ" በቂ ናት፣ ወዲያው ይጠጣል። ምንም ባይልም እሰጠዋለሁ፤ ልጅ በጥም አይቀጣም። ዝምታው ግን ይከብዳል፣ በተለይ አያት አጠገብ ካሉ። "ኧረ ስጪው፣ አታስለቅሺው!"

ሌላው እንግዳ ፊት መፈተን ነው። "እስቲ ለእትዬ ንገራቸው፣ ይሄ ምንድነው? በል!" ልጁ ቀሚሴ ሥር ይደበቃል። የልጄ የመጀመሪያ ቃል "መታ!" ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቤቱ ሁሉ "መጣ!" ብሎ ሲጮኽ ሰምቶ ነው። ማንም አላስጠናውም። ቃል ከነገሩና ከደስታው ጋር ሲመጣ ይገባል። ስለዚህ ካልሲ ስታለብሱት፣ ሽንኩርት ስትከትፉ አዋሩት።

ብርቱካንን "ቱካን" ቢል አትሳቁበት፣ "እንደዚያ አይባልም" ብላችሁም አታሸማቅቁት። "አዎ፣ ብርቱካን! እንላጠው?" ብላችሁ እለፉ። እናንተም ግን "ቱካን" አትበሉ፤ ትክክለኛውን የሚሰማው ከእናንተ ነው።

ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4 ዓመት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው። ካርቱኑ ያወራል እንጂ የልጁን መልስ አይጠብቅም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ "ይምታታበታል" ብላችሁ አማርኛውን አትተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። የሚያባብሉበት፣ የሚቆጡበት፣ ተረት የሚያወሩበት ቋንቋ ለልጁ ሀብት ነው።

የመጨረሻው "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲሁ ነበር" እያሉ መጠበቅ ነው። 2 ዓመት ሲሞላው "ማሚ ነይ" ዓይነት ሁለት ቃል ማጋጠም ይጠበቅበታል። ይህ ከሌለ፣ የነበሩትን ቃላት ከተወ፣ ወይም ከኋላው ስትጠሩት ካልዞረ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጆሮው የሚመግል ልጅ ከሆነ ደግሞ ፈጥናችሁ መስማቱን አስመርምሩ።