ከክረምት በኋላ ወደ ሩጫ መመለስ፦ ትንፋሽ ይቀድማል፣ ጅማት ይዘገያል

በሰኔ መጨረሻ ጃን ሜዳን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ይዞር የነበረ ሰው፣ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናቡና በጭቃው ምክንያት ቤቱ ከርሞ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ሲወጣ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ትንፋሹ ያጥርበታል፣ እግሩም ይከብደዋል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ የደከሙበት ሁሉ ከንቱ የቀረ ስለሚመስላቸው ወይ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል፣ ወይ የሁለት ወሩን ጉድለት በአንድ ሳምንት ለመሙላት ሰውነታቸውን ያስጨንቃሉ። ሁለቱም ስሕተቶች የሚመነጩት የትኛው አቅም እንደቀነሰ፣ የትኛው እንዳለ እንደቆየና የትኛው ቀድሞ እንደሚመለስ ካለማወቅ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሩጫ አቁሞ ለቆየ ጤነኛ አዋቂ የታሰበ ሲሆን፣ በመስከረም መባቻ ተጀምሮ በኅዳር ለሚካሄደው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር የሚያደርስ የአሥር ሳምንት ገደማ ጉዞ ነው።

የቀነሰውና ያልቀነሰው

ሩጫ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀድሞ የሚቀንሰው ጡንቻ ሳይሆን ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። የሚዘዋወረው ደም መጠኑ ሲያንስ ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ደም ስለሚቀንስ፣ የቀድሞውን ፍጥነት ለመያዝ በደቂቃ ብዙ ጊዜ መምታት ይኖርበታል። ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላ የለመድነው ሜዳ ዳገት የሆነ ያህል የሚከብደን በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ፈጥኖ የሄደው ይህ አቅም ፈጥኖም ይመለሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሳያስተጓጉል የሮጠ ሰው ልዩነቱን በግልጽ ያየዋል።

ቀጥሎ የሚዳከመው በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ በኦክስጅን አማካይነት ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ አንድ ጥናት፣ በጽናት ስፖርት በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች ለ84 ቀናት ልምምድ እንዲያቆሙ ተደርጎ ሲለኩ፣ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 7 በመቶ ገደማ፣ እስከ 56ኛው ቀን ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ቀንሶ፣ ከዚያ በኋላ ግን ባለበት ረግቶ ተገኝቷል። በጡንቻዎቻቸው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ብዛት እምብዛም አልቀነሰም፤ ከሦስት ወር ሥራ መፍታት በኋላም ቢሆን ሰዎቹ ሠልጥነው ከማያውቁት የተሻለ አቅም ነበራቸው። እኔ ለሚመለስ ሯጭ ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክረምቱን የቆመ ሰው ከባዶ አይጀምርምና።

ጅማትና አጥንት ግን የተለየ ጠባይ አላቸው። ወደ ጅማት የሚደርሰው ደም ወደ ጡንቻ ከሚደርሰው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ጅማት የሚጠነክረው በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነው። አጥንትም ዱላ የመሰለ ደረቅ ነገር አይደለም፤ አዲስ ጫና ሲያርፍበት በመጀመሪያ ያረጀውን ክፍሉን አፍርሶ ያስወግዳል፣ ከዚያም በዝግታ አዲሱን ይገነባል። በማፍረሱና በመገንባቱ መካከል ያሉት ሳምንታት አጥንቱ ለጊዜው የሚሳሳባቸው ናቸው። ስለዚህ ሯጩ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ትንፋሹ ተመልሶለት፣ ላቡ ቀሎት፣ የቀድሞ ፍጥነቱ ሲታወሰው፣ እግሩ ገና ለዚያ ፍጥነት አልተዘጋጀም። ከዕረፍት የተመለሱ ሯጮች በአብዛኛው የሚጎዱት በድካማቸው ጊዜ ሳይሆን በዚህ ጥሩ ስሜት በሚሰማቸው ጊዜ ነው፤ የመመሪያው አካሄድም በሙሉ የተዘጋጀው ይህን ጊዜ በደህና ለማለፍ ነው።

ለምን እንደቆሙ አስቀድመው ይለዩ

በዝናብና በሥራ ብዛት የቆመ ሰውና በሕመም የቆመ ሰው አነሳሳቸው አንድ አይደለም። ትኩሳት የነበረበት ሰው ትኩሳቱ መጥፋቱ ብቻ አይበቃውም፤ የምግብ ፍላጎቱና እንቅልፉ እስኪመለሱ፣ ደረጃ ሲወጣም ልቡ ከልክ በላይ መምታቷን እስክትተው መጠበቅ አለበት። ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰው ሐኪም ሳያየው ሩጫ መጀመር የለበትም።

በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነገር አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይለኛል። ለታይፎይድና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በተለምዶ ሲፕሮ የምንለው ነው። ይህ መድኃኒትና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጅማትን፣ በተለይም የተረከዝን ጅማት፣ የማቁሰል አልፎም የመበጠስ አደጋ እንዳላቸው የታወቀ ሲሆን፣ አደጋው መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላ እንኳ ሊታይ ይችላል። በክረምቱ ሲፕሮ ወስደው ከነበረ ለሐኪምዎ ሯጭ መሆንዎን ይንገሩ፤ ከታች የተቀመጡትን ሳምንታትም ያስረዝሙ፤ ከተረከዝዎ በላይ ሕመም ከተሰማዎ በዚያው ቀን ያቁሙ።

የወለደች እናት ሩጫ ለመጀመር ቢያንስ ሦስት ወር ገደማ ብትጠብቅና የሐኪም ምክር ብታገኝ መልካም ነው። ከወሊድ በኋላ መመለስ እንደሚቻል ደራርቱ ቱሉ በሲድኒ ኦሎምፒክ በወርቅ፣ ጥሩነሽ ዲባባም በሪዮ ኦሎምፒክ በነሐስ በ10,000 ሜትር አሳይተውናል።

ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እያሳለፉ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይውጡ። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለው በእግርዎ ይሂዱ፤ ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ስምንት ጊዜ ይደጋግሙ፤ በመጨረሻም አምስት ደቂቃ በእርምጃ አብርደው ይጨርሱ። ቀድሞ አንድ ሰዓት ይሮጥ ለነበረ ሰው ይህ ሥራ ያነሰ ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም በእነዚህ ቀናት ሥራው የሚሠራው ለጅማቱ እንጂ ለትንፋሹ ስላልሆነ መጨመር አያስፈልግም። ቆሞ የነበረው ለሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነ ሁለቱን ሳምንታት ወደ አንድ ማሳጠር ይችላል።

የፍጥነት ልኩ ንግግር ነው። ከጎንዎ ላለው ጓደኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል ማለት ነው። ሰዓት ማሰር አያስፈልግም፤ በተለይ የሰኔውን ፍጥነት መዝግቦ የያዘ ሰዓት ከሆነ ቤት ይተውት። የመጀመሪያ ቀናት ውጤት ስለ ቀጣዮቹ ሳምንታት የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ቀነኒሳ በቀለ በጉዳት ምክንያት ከውድድር ርቆ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ፣ የ10,000 ሜትሩን ውድድር ሳይጨርስ አቋርጦ ወጥቷል፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሰከንድ ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዝግቧል።

የሚሮጡበት ቦታ ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። ጃን ሜዳን የመሰለ ሣርና አፈር ያለበት ደልዳላ ሜዳ ከአስፋልት ይሻላል። ከ3000 ሜትር በላይ ወደሆነው እንጦጦ በመጀመሪያው ወር ለመሮጥ አይውጡ፤ የአየሩ መሳሳት ትንፋሽን ከማስጨነቁ በላይ፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የጭንና የባት ጡንቻዎች እየተለጠጡ ስለሚሠሩ በማግስቱ ደረጃ መውረድ እስኪያቅትዎ ሊያምዎት ይችላል። ከዱባይ ወይም ከሌላ የባሕር ጠረፍ ከተማ የተመለሰ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ 2300 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን አይርሳ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚሰማው ድካም ከፊሉ የከፍታው እንጂ የእሱ ስንፍና አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት የእርምጃውን ጊዜ እያሳጠሩ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይሩጡ፤ በአራተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ይድረሱ። ከላይ የተናገርኩት አደገኛ ጊዜ አሁን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰውነትዎ ቀሎ፣ የሜዳው ሯጮች ሲያልፉዎ እግርዎ ሊከተላቸው ይፈልጋል። አይከተሏቸው። በዚያ ቀን የሚፈቀደው ትርፍ ሥራ፣ ከሩጫው በኋላ 80 ሜትር ያህል ርቀትን ዘና ባለ ፍጥነት አራት ጊዜ መሮጥ ብቻ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ሥራውን ሳይጨምሩ፣ እንዲያውም በሩብ ያህል ቀንሰው ይለፉ፤ አጥንት የሚገነባው በዚህ ፋታ ነው።

ከነዚህ ሳምንታት ጋር ጎን ለጎን በሳምንት ሦስት ቀን ለተረከዝ ጅማት የሚሆን አንድ ሥራ ይሥሩ። በመስቀል አደባባይ ደረጃ ወይም በቤትዎ መወጣጫ ጠርዝ ላይ በእግርዎ ጣቶች ቆመው፣ ተረከዝዎን ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ሦስት እየቆጠሩ በዝግታ ከጠርዙ በታች ያውርዱ። በሁለት እግር 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ይበቃል፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በአንድ እግር ይሥሩት። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም፣ ለሚመለስ ሯጭ ከማንኛውም ውድ ጫማ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሕመምን መለየት

በሁለቱም ጭን ላይ የተሰራጨና በሁለተኛው ቀን የሚቀል የጡንቻ መዛል የተለመደ ነው፤ በዝግታ እየሮጡ ማሳለፍ ይቻላል። በቅልጥም አጥንት ላይ በአንድ ጣት ነጥሎ ሊያሳዩት የሚችሉት፣ ሲሮጡ የሚብስና ሌሊትም የማይተው ሕመም ግን የአጥንት መሰንጠቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሩጫውን አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለጅማት ምርጡ መርማሪ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲነሱ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ልብ ይበሉ፤ ተረከዝዎ ከትናንቱ ይልቅ ተሳስሮ ከተሰማዎ የትናንቱ ሥራ በዝቷል ማለት ነው፤ ያን ቀን አይሩጡ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ወደ ውድድር የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት እንኳ ለጅማቱ ይህን ያህል ወራት ሰጥቷል።

ከስድስተኛው ሳምንት እስከ ውድድሩ

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያለ ሕመም ከደረሱ ቀሪው መንገድ ቀላል ነው። በሳምንት አራት ቀን ይሩጡ፤ እሁድ ጠዋት የሚሮጡትን ከአራተኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ተነሥተው በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ እያስረዘሙ በዘጠነኛው ሳምንት 70 ደቂቃ ያድርሱት። በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞ፣ አንድ ደቂቃ ፈጥኖ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ መሮጥን ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ። ቀሪዎቹ ሁለት ቀናት የንግግር ልኩን ያልለቀቁ ይሁኑ። በአሥረኛው ሳምንት ሥራውን በግማሽ ቀንሰው እግርዎን ለውድድሩ ያሳርፉ።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ሥራ በእነዚህ ቀናት አያድርጉት። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ብረት ቢኖራቸውም ሰውነት ከእነሱ የሚወስደው ብረት ከሥጋው ያነሰ ስለሆነ፣ ሎሚ ጨምቆባቸው መብላት ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱ እንዳይዋጥ ስለሚያግዱ፣ ከምሳ በኋላ የሚፈላውን ቡና አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ያስፈልጋል። ሳምንታት አልፈውም ትንፋሽዎ ካልተመለሰ የደም ማነስ እንዳለብዎ በደም ምርመራ ያጣሩ።

ከውድድሩ በኋላ አንድ ሳምንት ቀለል አድርገው ይሩጡ። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣም ሙሉ በሙሉ አይቁሙ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከፊሉን ፈጠን ብለው ቢሮጡ የልብና የሳንባ አቅምዎ አብዛኛው ሳይጓደል ይከርማል፤ ጅማትዎም በየሳምንቱ ጥቂት ጫና ስለሚያርፍበት በመስከረም ከመጀመሪያው ሳምንት ሳይሆን ከአራተኛው ይጀምራሉ።