ደም ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ፣ መንገዱ ሲዘጋስ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሁለት ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉ። ጉሮሮ ላይ ወጣ ብሎ ከሚታየው ትንሽ ወደ ጎን፣ የአንገት ጡንቻ ጋ ሳትደርሱ፣ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ቀስ ብላችሁ ጫን በሉ። ትር ትር የሚለው ካሮቲድ የሚባለው ትልቅ የደም ስር ነው። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ እንዳትጫኑ፣ ሊያዞራችሁ ይችላል። የአዛውንት አንገት ደግሞ ባትነኩ ይሻላል። ለእነሱ የእጃቸውን አንጓ ያዙላቸው። ትርታው ወጣ ገባ የሚል፣ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት የሚል ከሆነ ኢሲጂ (የልብ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሱ። እንዲህ ያለ የልብ ምት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል።

ድሬዳዋ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። አስታማሚዎችን ሳስረዳ ከአንገት የምጀምረው፣ ሰው በገዛ ጣቱ የነካውን ነገር ስለማይረሳ ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ግን ልብ ከምትረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን፣ ከምንጠቀመው ኦክስጅን ደግሞ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር የለውም። ደሙ ጭራሽ ከቆመ በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሳችንን እንስታለን። ደቂቃዎች ሲያልፉ የአንጎል ሴሎች መሞት ይጀምራሉ፤ የሞቱት አይመለሱም።

ይህን ሁሉ ደም የሚያደርሱት አራት የደም ስሮች ናቸው። ሁለቱ በፊት በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ አሁን የነካችኋቸው ካሮቲዶች ናቸው። እያንዳንዱ ከመንጋጋ በታች ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለፊት ቆዳና ጡንቻ፣ ሌላው ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል። ያቺ መከፈያ ቦታ ላይ ነው ስብ መጋገር የሚወደው። ሌሎቹ ሁለቱ ቨርተብራል ይባላሉ። በኋላ በኩል፣ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ እየሾለኩ ይወጣሉ። ራስ ቅል ውስጥ ሲገቡ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ።

ከፊትና ከኋላ የመጡት አንጎል ስር ተገናኝተው ክብ ይሠራሉ። እንደ አደባባይ ውሰዱት፤ አንዱ መግቢያ ቀስ በቀስ ቢጠብ ደሙ በሌላው ዞሮ ይደርሳል። ክቡ የሚጠራው በእንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ስም ነው፤ በ1664 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ አስፍሮታል። ግን ብዙ ሰው ላይ ክቡ ሙሉ አይደለም፤ አንዱ ክፍሉ ቀጭን ይሆናል ወይም ጭራሽ አይኖርም። ከክቡ ያለፉት ቅርንጫፎች ሲዘጉ ደግሞ የሚተካቸው በጣም ትንሽ ነው። ስትሮክ የምንለው ያን ጊዜ አንጎል ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው።

ምልክቱ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው መካከለኛው ቅርንጫፍ ነው። ፊትና እጅን ይይዛል፤ የግራው ከሆነ አብዛኛው ሰው ላይ ቀኝ ጎን ይሰንፋል፣ ንግግርም ይጠፋል። የፊተኛው ሲዘጋ እግር ይከዳል። የኋለኛዎቹ ሲዘጉ ድንገት መዞር፣ መንገዳገድ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ይመጣል። ይሄኛውን ሰው ቶሎ አይጠረጥርም። የድሬ ሙቀት ነው፣ ውሃ ስላልጠጣ ነው ይባላል። በሙቀት የደከመ ሰው ጋደም ሲልና እግሩን ከፍ ሲያደርግ በደቂቃዎች ቀለል ይለዋል። ተኝቶም ካልተሻለው፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ካቃተው ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት።

ስትጠራጠሩ ሦስት ነገር አድርጉ። ፈገግ እንዲል ጠይቁት፤ የአፉ አንዱ ጎን ይወርዳል? ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍን፤ አንዱ እጅ ቀስ እያለ ይወርዳል? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበል፤ ይኮላተፋል? የመጨረሻውን አፍ በፈታበት ቋንቋ ጠይቁት። እዚህ ከተማ አያት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ አስበው በአማርኛ ይመልሳሉ። ቤተሰቡ ‹‹ድሮም አማርኛ ይከብዳቸዋል›› ብሎ ሲያልፈው አይቻለሁ።

በርጫ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የባሰ ያታልላል። ዝም ሲል ‹‹መርቅኗል›› ይባልና ይተዋል። ጉንጩ በጫት ስለተወጠረ የአፉ መጣመም አይታይም። አንድ ጎልማሳ አምጥተውልን ነበር። ጓደኞቹ ያስታወሱት፣ ቅጠሉን በግራ እጁ መቀንጠስ መጀመሩን ነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ነበር። ከጎኑ የነበረው ልጅ አይቶታል፣ ግን ምንም አልመሰለውም። እንዲህ ካያችሁ በመጀመሪያ አፉ ውስጥ ያለውን እንዲተፋ አድርጉ፤ መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከዚያ ፈገግ ይበል። ጫት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ እንደሚያደርግ እወቁ። ግፊት ያለበት ወንድማችሁ ቢተወው ደስ ይለኛል።

አሁን ዋናውን ልበል፦ ሰዓቱን ያዙ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ ‹‹መቼ አያችሁት?›› ብቻ አይደለም፤ ‹‹ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?›› ነው። ታሞ ከነቃ የሚቆጠረው ከነቃበት ሳይሆን ማታ ደህና ሆኖ ከተኛበት ነው። ሰዓት ያላየ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ በሶላት እጠይቃለሁ። ሱብሂ ሰግደዋል? ዙህርስ? ክርስቲያን ቤት ከሆነ ቡናው ስንተኛ ላይ ነበር እላለሁ። ሰዓቱ የሚወጣው ከዚያ ነው። ይህን ያህል የምጨነቀው የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሚሰጥ ነው። ሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ባይገኝም ቶሎ የደረሰ ሰው ትንፋሹ፣ ስኳሩና ግፊቱ በጊዜ ይያዝለታል።

ውሃ አታጠጡት፣ ምግብ አታጉርሱት። አስፕሪን አትስጡ። ስትሮክ በመዘጋት ብቻ ሳይሆን የደም ስር በመፈንዳትም ይመጣል፤ ሁለቱን የሚለየው የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ሲቲ ስካን ነው። ለፈነዳው አስፕሪን አደጋ ነው። የግፊት ኪኒን ደርባችሁ አትስጡት፤ ግፊቱ በአንዴ ከወረደ ለተጎዳው ቦታ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። የሚያስመልሰው ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። የስኳር መለኪያ ቤት ካለ ለኩት፤ የስኳር መውረድ ስትሮክ መስሎ ይመጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የሚዘገይ ከሆነ ባጃጅም ቢሆን ተነሱ፤ አንድ ሰው ከኋላ ደግፎ ይያዘው። የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ደህና ቢሆንስ? ‹‹አብሽሩ፣ አለፈ›› እንዳትሉ። ትልቁ ስትሮክ ሊከተል ይችላል፤ አደጋው የሚበረታው በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ይታይ።

ግፊት ቤት ውስጥ ስትለኩ ለአምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ ተቀመጡ። እግር ሳታጣምሩ፣ ክንዳችሁን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራ ከነበረ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ሁለቴ ለኩ፣ ጻፉት። በተለያየ ቀን 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምንም አይሰማኝም ብሎ ኪኒን ማቆም የለም፤ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ወደ ሐረር ለለቅሶ ስትወጡ እንኳ ኪኒኑ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ፣ ማታም ይሠራ እንደሆነ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።