የአፈር ይዘት፦ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት የሚፈተሽ

ቅጠል ሲጠወልግ መጀመሪያ የሚታሰበው ውሃና ማዳበሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው አየር ነው። ጥሩ የአትክልት አፈር በይዘቱ 45 በመቶ ያህሉ ማዕድን፣ 5 በመቶ ገደማው የበሰበሰ የተክልና የእንስሳት ቅሪት ሲሆን፣ ቀሪውን ግማሽ ውሃና አየር ይጋሩታል። ሥርም ስለሚተነፍስ፣ ክፍተቱ ሁሉ ውሃ ከሞላ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ የተጠማ ይመስላል፤ ያየውም ሰው ውሃ ይጨምርበታል።

ማዕድኑ በቅንጣቱ መጠን ሦስት ነው፦ አሸዋ (ከ2 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር)፣ ደለል (ከ0.05 እስከ 0.002) እና ከዚያ የሚያንሰው ሸክላ። አሸዋ አየር ያስገባል፣ ውሃና ንጥረ ነገር ግን አያቆይም። ሸክላ ነጌቲቭ (አሉታዊ) የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላለው ፖዚቲቭ (አዎንታዊ) የሆኑትን ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየምን ስቦ ይዞ ለሥር ያቆያል። ናይትሬት (ሥር የሚወስደው የናይትሮጅን ዓይነት) ግን ራሱም ነጌቲቭ ስለሆነ አይያዝም፤ ከውሃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የናይትሮጅን ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል፤ በተለይ አሸዋ በበዛበት መሬት።

የእርስዎን አፈር ለማወቅ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ይበቃል። ከመደቡ ሦስት አራት ቦታ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን አፈር ወስደው ይቀላቅሉ፤ ድንጋዩንና ሥሩን ለቅመው ያውጡ፣ ጓሉን ያድቅቁ። የዕቃውን ሲሶ በአፈሩ ሞልተው፣ ውሃ እስከ አፉ ድረስ ይጨምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙናም ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ የሸክላ ቅንጣቶች ተጣብቀው እንደ ደለል ይወርዱና ውጤቱን ያሳስታሉ። 5 ደቂቃ በደንብ ይናጡትና ማንም በማይነካው ቦታ ያስቀምጡት። ከ1 ደቂቃ በኋላ የተቀመጠው አሸዋ ነው፤ ከፍታውን በማርከር ያመልክቱ። ከ2 ሰዓት በኋላ በላዩ የተጨመረው ደለል ነው። ሸክላው እስኪቀመጥና ውሃው እስኪጠራ 1 ወይም 2 ቀን ይፈጃል። የሚንሳፈፈው ጭራሮና ቅጠል አይቆጠርም። ጠቅላላው 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አሸዋው 4፣ ደለሉ 4፣ ሸክላው 2 ከሆነ 40፣ 40 እና 20 በመቶ ማለት ነው፤ ለአትክልት ከዚህ የተሻለ ድብልቅ መመኘት አያስፈልግም። ሸክላው 4 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ አፈሩ ከባድ ሸክላ ነው።

ቀጥሎ የውሃ አወራረዱን ይፈትሹ። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ። ሲደርቅ እንደገና ይሙሉና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በማስመሪያ ይለኩ። ከ2.5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ከ2.5 በታች ከሆነ ከመሬቱ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ።

ለአሸዋውም ለሸክላውም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሰው ከላይኛው 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቅሉ፤ ለ1 ካሬ ሜትር 50 ሊትር ማለት ነው። ሸክላን ለማላላት ትንሽ አሸዋ መጨመር በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፦ ሸክላው በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላውና መሬቱ ከበፊቱ ይጠጥራል። ጥሬ ሰጋቱራም አይቀላቀል። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ስለሚሻሙ ቅጠሉ ይገረጣል። ከላይ ለጉዝጓዝ ቢሆን ግን ችግር የለውም።

ከመቆፈርዎ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ይጭመቁና በአውራ ጣት ነካ ያድርጉት። ከተፈረፈረ ይቆፍሩ፤ እንደ ሊጥ ከተጠፈጠፈ ግን ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ እርጥብ ሸክላ ሲቆፈርና ሲረገጥ ክፍተቱ ይደፈንና ደርቆ ጓል ይሆናል።

በመጨረሻ ፒኤች (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ይለካ። ለአብዛኛው አትክልት ከ6 እስከ 7 ይስማማል። ከ5.5 ሲወርድ ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቆራኝቶ ለሥር አይገኝም፤ ያኔ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ቢጨምሩም ብዙው ይባክናል። ከ7.5 ሲበልጥ ደግሞ ብረት ያጥራል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። ኮምጣጣ አፈርን ኖራ ያስተካክለዋል፤ ሸክላ ከአሸዋ የበለጠ ኖራ ስለሚፈልግ መጠኑ በላቦራቶሪ ውጤት ይወሰን። ኖራው ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ከተከላው ቢያንስ 2 ወይም 3 ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል።